የአፍ ድርቀት፤ ከየት ይመጣል? ምንስ ይደረግለታል?

እንደሚታወቀው የመምህር ዋነኛ የሥራ መሣሪያው አፉ ነው። ጠመኔ ቢያልቅ በከሰልም ይጻፋል፤ መጽሐፍ ቢጠፋ በቃል ይተረካል፤ አፍ ግን ምትክ የለውም። እኛ ዕጩ መምህራን ስለ ትምህርት ዕቅድ አወጣጥ፣ ስለ ክፍል አያያዝ፣ ስለ መርጃ መሣሪያ አሠራር ብዙ እየተማርን ስለዚሁ ስለ አፋችን ግን እምብዛም ስንነጋገር አይሰማም። የማስተማር ልምምድ ሲደርስ ደግሞ በየመኝታ ክፍሉ የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሰሌዳው ፊት ስቆም ከንፈሬ ኩበት ሆነ»፣ «ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ»፣ «ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ»። ነገሩ ተስቆበት ይታለፋል። እኛም ሳቁን አንከለክልም፤ ግን ወደ ምክንያቱ እንግባ። ምክንያቱም የአፍ መድረቅ አንዳንዴ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ሲሆን፣ አንዳንዴ ግን ወራትና ዓመታት ቆይቶ ጥርስን ከሥሩ የሚጨርስ፣ አልፎ አልፎም በሰውነት ውስጥ የተደበቀ ሌላ በሽታ መኖሩን የሚያሳብቅ ምልክት ነው።

ምራቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚናቅ ነገር ይመስለዋል። ቋንቋችን ግን እንደዚያ አይልም። በሳልና አስተዋይ ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይባላል፤ ሽማግሌዎችም ሲመርቁ «እንትፍ እንትፍ» ይላሉ። ከቋንቋው አልፈን ሰውነትን ስንመለከት ምራቅ የምግብ መፈጨት ሥራ ጀማሪ፣ የጥርስ ዘበኛ፣ የምላስም ረዳት ሆኖ እናገኘዋለን።

ምራቅ የሚመነጨው ከዕጢዎች ነው። ትላልቆቹ የምራቅ ዕጢዎች 3 ጥንድ ናቸው። የመጀመሪያው ጥንድ ግራና ቀኝ ከጆሮ ሥር ወደ ጉንጭ ጠጋ ብሎ ይገኛል። ጆሮ ደግፍ የሚባለው በሽታ የሚያሳብጠው ይህንኑ ዕጢ ነው። ሁለተኛው ጥንድ ከታችኛው መንጋጋ ሥር፣ ሦስተኛው ደግሞ ከምላስ ሥር ነው። ከነዚህም ሌላ በከንፈር፣ በጉንጭ ውስጠኛ ገጽ፣ በላንቃና በእንጥል ላይ ጭምር የተበተኑ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። የጆሮ ሥሩ ዕጢ ቱቦ የሚከፈተው ከላይኛው ሁለተኛ የመንጋጋ ጥርስ ትይዩ ባለው የጉንጭ ገጽ ላይ ነው፤ በምላስ ጫፍ ሲዳሰስ ትንሽ ጉብታ የመሰለች ነገር ትገኛለች። ይህን የሚያነብ ሁሉ አሁን ምላሱን ወደ ጉንጩ እንደላከ አንጠራጠርም።

ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። አመነጫጨቱ ግን ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም። ሰው ሳይበላና ሳይጠጣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ 0.3 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ሲያኝክ መጠኑ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። እንቅልፍ ሲወስደው ግን ወደ ምንም ይጠጋል። ጠዋት ስንነሣ አፋችን የሚሸተው በዚህ የተነሣ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አጣቢ አልነበረውማ! ዝም ብሎ በመቀመጥ ጊዜ የሚመነጨው በደቂቃ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ሐኪሞች የምራቅ ማነስ አለ ይላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይኖርብናል። «አፌ ደረቀ» የሚለው ስሜትና ምራቅ በእርግጥ ማነሱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ምራቁ በቂ ሆኖ ሳለ አፉ የደረቀ የሚመስለው ሰው አለ፤ ምራቁ ቀስ በቀስ አንሶ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይታወቀው ጥርሱ የሚበላሽበትም አለ።

ምራቅ ከ100 እጅ 99ኙ ውሃ ነው። ታዲያ ውሃ ከሆነ ውሃ መጠጣት አይበቃም ወይ? የሚል ይኖራል። አይበቃም፤ ሥራው ያለው በቀረችው በአንዷ እጅ ነው። በውስጧ አፍን የሚያለሰልስ ዝልግልግ ንጥረ ነገር አለ፤ ይህ ባይኖር ምላስ ከጥርስ ጋር እየተፋተገ ይቆስል ነበር። ስታርችን ወደ ስኳርነት የሚሰብር ኤንዛይም አለ። አሲድን የሚያበርድ ባይካርቦኔት አለ። ጀርሞችን የሚዋጉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ካልሲየምና ፎስፌትም አሉ፤ ጥርስ የተሠራው ከነዚሁ ስለሆነ የጎደለውን ይሞላሉ። የምግብ ጣዕም የሚታወቀውም ምግቡ መጀመሪያ በምራቅ ሲሟሟ ነው። አፉ የደረቀ ሰው ወጡ ጨው የለውም ብሎ ባለሙያዋን የሚነቅፈው አንዳንዴ ያለ ጥፋቷ ነው።

የጥርሱን ነገር ትንሽ ሰፋ አድርገን እንየው፤ ዋናው ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነውና። በጥርሳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ ይበሉና አሲድ ያወጣሉ። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ የተማርነው የፒ.ኤች. መለኪያ በአፍ ውስጥ ወደ 5.5 ገደማ ሲወርድ የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል። አሲድ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚያሟሟ ማየት የሚፈልግ አንድ የዶሮ እንቁላል በብርጭቆ ኮምጣጤ ውስጥ ነክሮ ይደር፤ በማግስቱ ቅርፊቱ አልቆ እንቁላሉ እንደ ላስቲክ ሲለጠጥ ያገኘዋል። የእንቁላል ቅርፊትና የጥርስ ሽፋን አንድ ዓይነት ባይሆኑም ሁለቱም በካልሲየም የተሠሩ፣ ለአሲድም እጃቸውን የሚሰጡ ናቸው። አፍ ውስጥ ግን ዘበኛው አለ። ምራቅ ስኳሩን ያጥባል፣ አሲዱን ያበርዳል፣ ካልሲየሙን ይመልሳል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ምራቅ ያነሰው አፍ ግን ከዚህ በላይ ይቆያል፤ ጥርሱም በአሲድ ውስጥ እንደተነከረ ይውላል።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹ ጭምር ነው። እንበልና አንድ ሠልጣኝ በልምምድ ቀን አፉ እንዳይደርቅበት ብሎ ኪሱን በከረሜላ ሞልቶ ይወጣል። በ2 ሰዓት አንድ፣ በ2 ሰዓት ተኩል አንድ፣ በ3 ሰዓት አንድ እያለ እስከ ምሳ ይመጣል። ጥርሱ ከጠዋት እስከ 6 ሰዓት ከአሲድ አልወጣም ማለት ነው! ያን ሁሉ ከረሜላ በአንድ ጊዜ ከምሳ ጋር በልቶት ቢሆን ጉዳቱ ባነሰ ነበር። ነገሩ የሚያሳዝነው ከረሜላው በእርግጥ ለጊዜው አፍን ማርጠቡ ነው። ስለዚህ ሰው ይወደዋል፤ መድኃኒት ያገኘም ይመስለዋል። በየቀኑ የሚደረግ ከሆነ ግን መጨረሻው መንጋጋ ማስነቀል ነው። በመካከላችን ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሁለትና ሦስት መንጋጋ ያስነቀለ እንዳለ እርስ በርስ እንተዋወቃለን።

አሁን ወደ መንስኤዎቹ እንምጣ። ለኛ ቅርብ ከሆነው ከፍርሃት እንጀምር። የምራቅ ዕጢዎች የሚታዘዙት በፈቃዳችን በማይመሩ ነርቮች ነው። ሰው ተዝናንቶ ሲቀመጥና ምግብ ሲያይ አንደኛው የነርቭ ክፍል ያዝዛል፣ ቀጭንና ብዙ ምራቅ ይፈሳል። አደጋ የመጣ ሲመስለው ግን ሌላው ክፍል ያይላል፤ ልብ ይመታል፣ መዳፍ ያልባል፣ ምራቅ ያንስና ይወፍራል። ሰውነት «አሁን ሩጥ ወይም ተዋጋ፤ ምግቡ ይቆይ» ያለ ያህል ነው። ከኛ ፊት የተቀመጡት 50 ሕፃናትና ከኋላ ደብተር ይዘው የሚከታተሉን መምህር አንበሳ አይደሉም፤ ሰውነት ግን ይህን መለየት አያውቅበትም። ሩሲያዊው የሰውነት ሳይንስ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ የምራቅን መመንጨት በውሾች ላይ እንዳጠና በሳይኮሎጂ ትምህርት የማያውቅ የለም፤ በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምርም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ምራቅ በምግብ ብቻ ሳይሆን በምልክትም እንደሚታዘዝ ከሱ ሥራ ተምረናል። ለዚህ ምስክር የሚፈልግ ካለ፣ የተቆረጠ ሎሚ በዓይነ ሕሊናው ይሳልና አፉን ያዳምጥ።

የፍርሃቱ ድርቀት በራሱ ጥርስ አያበላሽም። ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ልብም ሲረጋጋ አብሮ ይመለሳል። ስለዚህ ብልሃቱ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ማሳለፍ ነው። በዕቅዳችን ላይ መግቢያው ረጅም ንግግር እንዳይሆን፣ ይልቁንም ተማሪዎቹ የሚናገሩበት ጥያቄ ወይም ያለፈውን የሚከልሱበት እንዲሆን ብናደርግ ለትምህርቱም ለአፋችንም ይበጃል። በር ከመክፈት በፊት በአፍንጫ ረጋ ብሎ መተንፈስ፣ አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃም መጎንጨት ይጠቅማል። በዚህ አጋጣሚ መምህሮቻችንን በትሕትና የምንጠይቀው ነገር አለ። በአንዳንድ ቦታ ዕጩ መምህር የውሃ ጠርሙስ ይዞ ክፍል ቢገባ እንደ ንቀት ወይም እንደ አለመዘጋጀት ይቆጠርበታል፤ ነጥብም የሚቀነስበት አለ እየተባለ ይወራል። ጠርሙሱ በጠረጴዛው ጥግ ቢቀመጥ፣ ተማሪዎቹ በሚጽፉበት ጊዜም አንድ ጉንጭ ቢጠጣለት ትምህርቱን የሚያደናቅፍ አይመስለንም። እንዲያውም ድምፅ የሚወጣባቸው የጉሮሮ ክሮች እርጥበት ይፈልጋሉና ከዚያ በኋላ የሚሰማው ድምፅ የተሻለ ይሆናል። ጉዳዩ ቢታሰብበት መልካም ነው።

ከፍርሃቱ ባሻገር ሥራው ራሱ አፍን ያደርቃል። ብዙ የሚናገር ሰው በአፉ ይተነፍሳል፤ አየሩ በገባና በወጣ ቁጥር እርጥበቱን ይዞ ይሄዳል። የጠመኔው ብናኝ ሲጨመርበት ጉሮሮ ይከረክራል። ሰሌዳውን በደረቅ ጨርቅ ከማራገፍ በረጠበ ጨርቅ ወይም በስፖንጅ መጥረግ ብናኙን ይቀንሳል፤ ወጪም የለውም። አፍንጫው የተዘጋ ሰው ወይም የሚያንኮራፋ ደግሞ ሌሊቱንም በአፉ ሲተነፍስ ስለሚያድር ጠዋት ምላሱ እንደ እንጨት ሆኖ ይነሣል።

ስለ ጫት ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፉ ግማሽ ይሆናል። በፈተና ሰሞን «ለጥናት» እየተባለ እንደሚቃም የማያውቅ ካለ ማሠልጠኛ ያልኖረ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ሰውነትን የሚያነቃቃው ቀደም ብለን በፍርሃት ጊዜ ያይላል ባልነው የነርቭ መንገድ ነው። ስለዚህም ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ አፍንም ያደርቃል። ማኘክ ምራቅ ያመጣል አላላችሁም? የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ማኘክ ያመጣል፤ ንጥረ ነገሩ ግን ወደ ሌላ ይጎትታል፤ ቃሚዎችም አዘውትረው ከሚያማርሯቸው ነገሮች አንዱ የአፍ መድረቅ ነው። ክፉው ነገር ደግሞ ከጫቱ ጋር የሚመጣው ነው። ምሬቱን ለመስበር ስኳር ይቃማል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ሻይ በስኳር ይደጋገማል። በደረቀ አፍ ላይ ለሰዓታት የሚፈስ ስኳር ማለት ባክቴሪያዎቹን ዘበኛው ባልነበረበት ድግስ መጥራት ነው። ሲጋራና አረቄም ከዚሁ መደብ ናቸው።

ቡናን በተመለከተ ግን የሚባለው ከመጠን ያለፈ ይመስለናል። በተለመደው መጠን የተጠጣ ቡና ከሚያስወጣው ውሃ ይልቅ የሚያስገባው ይበልጣል። ጥያቄው ስኒው ውስጥ ያለው ስኳር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስቱም በስኳር ሲጠጣ፣ ከሰዓት በኋላም ሥርዓቱ ሲደገም ጥርስ ዕረፍት አያገኝም። ያለ ስኳር ወይም እንደ አንዳንድ አካባቢ በጨው የሚጠጡት አያቶቻችን በዚህ ረገድ ቀድመውናል።

በጾም ወራት ምግብም ውሃም ለረጅም ሰዓት ስለማይቀመስ ምራቅ ይቀንሳል፤ የአፍ ሽታም ይለወጣል። ይህን የምንለው ሥርዓቱን ለመንካት አይደለም። ድርቀቱ ጊዜያዊ ስለሆነ ሲበላና ሲጠጣ ይመለሳል። ሊጤን የሚገባው ጾሙ ከተፈታ በኋላና ከመተኛት በፊት ጥርስን አጽድቶ ማደር፣ በምሽቱና በሌሊቱ ሰዓትም ውሃ በቂ አድርጎ መጠጣት ነው። በቀን መፋቂያ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን የየእምነቱ አባቶች ይጠየቁበት።

ሌላውና ብዙ ሰው የማይጠረጥረው መንስኤ መድኃኒት ነው። አፍ የሚያደርቁ መድኃኒቶች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚን፣ ለድባቴ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ሃዮሲን፣ ለደም ግፊት ተብሎ ሽንት የሚያሸኑ እንክብሎች ሁሉ ከነዚሁ ይቆጠራሉ። አረጋውያን አፋቸው የሚደርቀው በዕድሜያቸው ብቻ ይመስለናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚውጡት እንክብል ድርሻ አለበት። አንዲት ጓደኛችን እንዳጫወተችን እናቷ የግፊት መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ለአፋቸው ማርጠቢያ ማር እየላሱ ያድሩ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጥርሶቻቸው ከድዱ ጥግ ጀምረው ተበሉ። ማሩ ለሌላ ነገር መልካም ሊሆን ይችላል፤ ሌሊት በደረቀ አፍ ላይ ግን ያው ስኳር ነው። እዚህ ላይ አደራ የምንለው ነገር ቢኖር ማንም ሰው አፌን አደረቀኝ ብሎ የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ ነው። ለሐኪሙ ቢነግር መጠኑ ወይም ዓይነቱ የሚለወጥበት መንገድ ይኖራል።

መድኃኒት ካነሣን አይቀር ስለ አንድ ተክል ማንሣት ይገባል። አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የሚባለው፣ በየአጥሩ ሥርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው ተክል በውስጡ አትሮፒን የሚባል መርዝ አለው። አትሮፒን ለዕጢዎቹ የሚሄደውን ትእዛዝ ያቋርጣል። አንድ ሕፃን ድንገት አፉ ደርቆ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ ፊቱ ቀልቶና ግሎ፣ የማይጨበጥ ነገር መለፍለፍ ከጀመረ ይህን ተክል በልቶ እንደሆነ መጠርጠርና ጊዜ ሳይወስዱ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። በገጠር ትምህርት ቤት የሚመደብ መምህር ይህን ቢያውቅ አንድ ቀን ይጠቅመዋል።

የአፍ ድርቀት የበሽታ ምልክትም ይሆናል። ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው የስኳር በሽታ ነው። አፍ ሲደርቅ፣ ውሃ ሲያስጠማ፣ ሽንት ሲደጋገም፣ ሰውነትም ያለ ምክንያት ሲከሳ አንድ ላይ ከታዩ «ሙቀቱ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ደም መመርመር ነው። ኤች.አይ.ቪ. የምራቅ ዕጢዎችን ሊያሳብጥና ሊያደክም ይችላል። የዓይንና የአፍ ድርቀት አብረው የሚመጡበትና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚታጀብ በሽታም አለ፤ ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግሬን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1933 ዘርዝሮ ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል። በዚህ በሽታ ሰውነት የገዛ ዕጢዎቹን ያጠቃል፤ ከወንዶች ይልቅም ሴቶችን ያበዛል። በራስና በአንገት ላይ ለካንሰር ሕክምና የጨረር ሕክምና የወሰዱ ሰዎችም ዕጢዎቻቸው ይጎዳሉ። ትኩሳት፣ ተቅማጥና ትውከት ውሃን ከሰውነት ሲያስወጡ አፍ የሚደርቀው ግን ከሁሉ የተለመደውና በአንድ ቀን የሚታየው ነው፤ በሕፃን ላይ ሲታይ አደገኛ ስለሆነ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ቶሎ ሊሰጥ ይገባል።

ታዲያ ሰው ራሱን እንዴት ይመርምር? ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት ያለ ውሃ ለመዋጥ ይቸገራል ወይ? ሌሊት ውሃ ለመጠጣት ይነሣል ወይ? ምራቁ እንደ ክር ይሳባል ወይ? በርበሬና ሚጥሚጣ ከቀድሞው ይበልጥ ያቃጥለዋል ወይ? የከንፈሩ ማዕዘን ይሰነጠቃል፣ ምላሱ ይቀላል ወይስ ነጭ ነገር ይለብሳል? ከነዚህ ሁለት ሦስቱ ለሳምንታት ከቆዩ ጤና ጣቢያ ወይም የጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

በራሳችን የምናደርገው ብዙ ነው፤ ውድም አይደለም። ውሃ በአንድ ጊዜ አንድ ሊትር ገልብጦ ከመጠጣት በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መጎንጨት አፍን የበለጠ ያርሳል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን የውሃውን ልክ ሐኪሙን ይጠይቅ። ማኘክ የዕጢዎች መቀስቀሻ ነው። በዚህ በኩል መፋቂያችን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ጥርስ ያጸዳል፣ ሲታኘክም ምራቅ ያመጣል። የወይራም ሆነ የክትክታ ጫፉ እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ ታኝኮ ነው መፋቅ ያለበት እንጂ በደረቁ ድድ መውጋት የለበትም። ስኳር የሌለው ማስቲካም ጥሩ ነው፤ ስኳር ያለው ግን ያው ከረሜላ ነው፤ ክፍል ውስጥ ማላመጥ ደግሞ ነውር ነው። ሎሚ መምጠጥ ምራቅ ቢያመጣም አሲዱ ጥርስ ይልጣል፤ በሐሳብ ብቻ ይበቃናል። ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ ጥርስን መቦረሽ፣ ከቦረሹም በኋላ አረፋውን ተፍቶ በብዙ ውሃ አለመጉመጥመጥ ይመከራል፤ ፍሎራይዱ እንዲቆይ ነው። ከሱቅ ከሚገዙ መጉመጥመጫዎች አልኮል ያለባቸው የባሰ ስለሚያደርቁ አይመረጡም። በምትኩ በአንድ ኩባያ ውሃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ መጉመጥመጥና መትፋት አሲዱን ያበርዳል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነውና ባለ ሱቁ እንዳያሳስት። ለከንፈር ቫዝሊን ይበቃል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ለማይመለስ ድርቀት ምራቅን የሚተኩ ፈሳሾችና ዕጢዎችን የሚቀሰቅሱ እንደ ፓይሎካርፒን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ እነዚህ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ናቸው።

ነገ የምናስተምራቸውንም ልጆች አንርሳ። ቀኑን ሙሉ አፉን ከፍቶ የሚቀመጥ፣ ከንፈሩ የሚሰነጠቅ፣ በክፍል ውስጥም የሚያንቀላፋ ልጅ ሲያጋጥም «አፍህን ግጠም!» ከማለት በፊት አፍንጫው ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ሥጋ ማበጥ ልጆችን በአፋቸው ያስተነፍሳል፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ወላጁን አስጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ደም መፍሰስንና መመረዝን የሚያስከትል ጎጂ ልማድ ነው። ደግሞም በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የምንመደብ ሁሉ ብዙ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ እናገኛቸዋለን። ይህ ያለመታጠብ ነገር አይደለም፤ የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ የደረሰበት ነው። ፍሎራይድ በልክ ሲሆን ጥርስ ይጠብቃል፣ ሲበዛ ያበላሻል። ስለ ጥርስ ንጽሕና ስናስተምር እነዚህን ልጆች በምሳሌነት አስነሥቶ ማሳፈር ታላቅ በደል ነው።

በመጨረሻ የምራቅን ሥራ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ማሳየት ለሚፈልግ ቀላል ሙከራ እናካፍል። አንድ ተማሪ ቁራሽ ዳቦ ሳይውጥ ለሁለት ደቂቃ ያኝክ፤ ቀስ በቀስ እየጣፈጠው ይሄዳል፤ ስታርቹ ወደ ስኳርነት ተሰብሯል ማለት ነው። በዓይን ማየት ከተፈለገ ደግሞ ጥቂት ዱቄት በብዙ ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝና በሁለት ብርጭቆ መክፈል ነው። መምህሩ በአንደኛው ላይ የራሱን ምራቅ ይጨምር፤ ሁለቱንም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ያቆያቸው። ከዚያ በየብርጭቆው ለቁስል የሚሆነውን አዮዲን አንድ አንድ ጠብታ ያድርግ። ምራቅ የሌለበት ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ምራቅ ያለበት ግን የአዮዲኑን ቢጫማ መልክ ይዞ ይቀራል። ካልሆነ ዱቄቱ በዝቷል ማለት ነውና ቀጠን አድርጎ እንደገና መሞከር ይቻላል።